የቤተሰብ ስም

ብሩክስ፣ አልበርታ፤ ነፋሱ ዛፍ አያውቅም፣
የሚያርፍበት የለው፣ የሚያቆመው የለም።
ከሥጋ ፋብሪካው እስከ ጤና ቢሮ
ሌሊቱን ይጋልባል፣ ያፏጫል አምርሮ።

የዚያን ዓመት ክረምት ሳምባ ነቀርሳ
ከተማችን ገባ ድምፁን ሳያነሳ።
ሦስት ሰው ታመመ። ሦስት ቀይ ስፒል ካርታው ላይ ተሰካ፣
አንዱ ከሌላው ጋር በክር ሳይነካካ።

ዶክተር ሊንዴል መነጽሩን አወለቀ፤
«ዝምድና የላቸውም» አለ፣ «ስማቸው የተራራቀ።
አንዱ ጎንጤ ነው፣ አንዷ መንገሻ፣ ልጁ ይርዳው፤
ኮምፒዩተሩን ጠይቁት፣ እሱም የሚለው ይኸው ነው።»

እኔ ፋይል ላደርስ ገብቼ በሩ ሥር ቆሜያለሁ፤
የባዮሎጂ ዲግሪዬ ሦስት ዓመት «በግምገማ ላይ» ነው፣
ከአንዱ መሳቢያ ወደ ሌላው ሲሰደድ፣ እንደ እኔው።
ወረቀቶቹን አየሁ። ሳቄ መጣ።
ከሳቄ በኋላ ብርድ።

«ይርዳው የጎንጤ ልጅ ነው፤ ማርሲል የይርዳው ልጅ።
ስንዱ ሚስቱ ናት፤ እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ
የአባቷን ስም ደጅ ጥላ አትገባም።
ስማችን መሰላል ነው፤ ልጅ አባት ላይ ይቆማል፣ አባት አያት ላይ፤
በአግድም ብትፈልጉን አንገኝም፣ ሽቅብ ነው የምንታይ።
ስፒሎቹን ንቀሏቸው። አንድ በር ነው፣ አንድ ጓዳ፣
ክረምቱን ሙሉ አንድ ትንፋሽ ሲቀባበሉ እንደ ዕዳ።»

ዝም አሉ። ማተሚያው ብቻ ማጉረምረሙን አላቋረጠም።
ማሪቴስ ብዕሯን አስቀመጠች፤ ሃያ ዓመት ነርስ፣ ብዙ አትናገርም፤
«እኛ ፊሊፒኖች የእናታችንን ስም መሀል እናስገባለን፤
ስንቴ ነው ከአንድ ሰው ሁለት ያደረጋችሁን?»
አቾልም ከጥጉ፣ ከፋብሪካው ክሊኒክ የተላከችው፤
«የአምስቱም ወንድሞቼ ልደት ጃንዋሪ አንድ ነው፣
ካምፕ ውስጥ የመዘገበን ሰው ቸኩሎ። ማሽናችሁ
አምስቱን ሲያይ ምን ይላል? አንድ ሰው ናችሁ?»

የሚያስቅ ነበር። ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ ጠዋት ሄድን። በሩን አንኳኳሁ፣ በቋንቋዬ ኮርቼ፣
ሁሉን አውቃለሁ ብዬ አብጬ።
«ሌላ ሰው አለ?» አልኳት። «የለም» አለች ስንዱ። ጻፍኩ፦ የለም።
አቾል ግን ጫማ ቆጠረች። አራተኛ ጥንድ ቦት፣ ውሃው አልደረቀም።
«የማታ ፈረቃ ቦት ነው» አለች፣ «የመታረጃው ወለል። አውቀዋለሁ።»
ወደ ምድር ቤት ወረደች።

የሦስቱን ስም ለውጬዋለሁ፤
እሱ ግን የሚለወጥ ስም እንኳ አልሰጠንም።
የቤቱ ውል የማያውቀው ተከራይ፣ የእኔም ቋንቋ የማይደርስበት፣
ከስድስት ወር በላይ ሳሉን በትራስ ያፈነበት።
ማታ ገባኝ፦ እኔም ያየሁት እስከ ራሴ ወሰን ነበር፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ጫማ የሚቆጥር ሌላ ዓይን ባይኖር . . .

ሪፖርቱ በበጋ ወጣ፤ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«ለአስተርጓሚዎቻችን ምስጋና» ይላል።
እኔና አቾል ተያየን፤ ማን አንድ ቃል ተርጉሟል?

በዓመቱ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ከፎርሙ ቀረ፤
«ከማን ጋር ታድራላችሁ?» የሚል ጥያቄ በቦታው አደረ።
አቾል ኮሌጅ ገባች፤ ግማሹን ቢሮው ከፈለ፣
ስለ ቀሪው ግማሽ ጭቅጭቁ አሁንም አለ።
እኔም ጠረጴዛ ተሰጠኝ፣ ከመስኮት የራቀ።

ዶክተር ሊንዴል «ሚስ ጓንጉል!» ይለኛል በመተላለፊያው፤
የአባቴ ስም ነው ብዬ ነግሬዋለሁ፤ ይረሳዋል፣ ምን ላድርገው።
አሁን ትቼዋለሁ። ጓንጉል የወባ ማጥፋት ሠራተኛ ነበረ፣
ፓምፕ አዝሎ መንደር ለመንደር፣ ግድግዳ ሲረጭ የኖረ፣
በደቃቅ ፊደል እንኳ ስሙ ያልሰፈረ።

ሲጠሩት
ለሁለታችን አቤት እላለሁ።